ሰው ሲውጥ የሚያዩት ሐኪም

ሐዋሳ ላይ ከአሞራ ገደል እስከ ቱላ ድረስ እንደ እኔ አሣ የበላ ሰው አልተፈጠረም፤ ወደፊትም የሚፈጠር አይመስለኝም። ሐይቁ ዳር ብቅ ስል አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ግዙፍ ወፎች፣ ለሽማግሌ ወንበር እንደሚለቅ ሰው ገለል ይሉልኝ ነበር። አንድ አሣ አጥማጅማ ቆሮሶ አሣውን ከነራሱ ስውጥ አይቶ መረቡን ጠቀለለና ወደ ቤቱ ገባ፤ «ይሄ ሰውዬ እያለ ለእኛ ምን ሊተርፈን» ብሎ።

ይህን ወሬ በመሃል ከተማ የማያውቅ የለም። ያሠራጨሁትም ራሴ ነኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት አንዲት ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ መዋጥ አልችልም ነበር። ሌላው ሳህኑን አራግፎ ጥርሱን ሲጎረጉር እኔ ገና ከጅራቱ አላለፍኩም። ይህን ጉድ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ባለቤቴ ዘይነባ ናት። ሁለተኛዋ ዶክተር አማረች ነበሩ። እሳቸው አሁን የሉም።

ማረፋቸውን የሰማሁት ሱቄ ውስጥ ነው። የባጃጅ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። አንድ የታቦር ሰፈር ባጃጅ ሾፌር ካንዴላ ሊገዛ መጣና፣

«ጋሼ ከድር፣ ሰማህ? ዶክተሯ አረፉ አሉ» አለኝ።

«የትኛዋ ዶክተር?»

«እኚያ በእግራቸው የሚሄዱት።»

ከተማችን ሐኪም ሞልቷታል፤ በእግራቸው የሚሄዱት ግን አንዲት ነበሩ። ሌላ ምልክት አላስፈለገኝም። ካንዴላ ለጠየቀኝ ሰው የፍሪስዮን ገመድ ጠቅልዬ ሰጠሁት። እሱም ክው ብሎ ኖሯል፣ ሳያይ ተቀብሎኝ ሄደ።

ዶክተር አማረች ቤታቸው ታቦር ዳገቱ ላይ ነበር። ጠዋት ወርደው፣ ማታ ወጥተው፣ ያን ሁሉ ዘመን በእግራቸው። ባጃጆቹ በአጠገባቸው ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉ ዞር ብለው እንኳ አያዩም። ለእኔ ለመለዋወጫ ነጋዴው ይህ እንደ ስድብ ነው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣

«ዶክተር፣ እነዚህ ልጆች ምን በደሉዎት? ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ ቢራመድ እኔ ከነቤተሰቤ ሐይቅ ገባሁ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ማንን አያለሁ?» አሉኝ።

አለቀ። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት የሲዳማ ገጠር ልጅ ስለነበሩ ይሁን በተፈጥሯቸው እንጃ፣ ቃል አያባክኑም ነበር። መንገድ ላይ ግን ሰው ያያሉ። ቲማቲም የምትሸጠውን ሴት ያስቆሙና «ጥፍርሽ ነጥቷል፣ ነገ ነይ» ይላሉ። አንዱን ጎረምሳ «ትናንት ስትስል ሰምቼሃለሁ» ብለውት ያልፋሉ። ምርመራ የሚፈራ ወንድ ከሩቅ ሲያያቸው አስፋልት ይሻገር ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ባለ ሱቅ ከግብር ሰብሳቢ አንድ ጊዜ፣ ከዶክተር አማረችም አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ተደብቋል። የመጀመሪያው ጊዜ ጠቅሞታል። ሁለተኛው ግን አልጠቀመውም፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው እዚያው ጠረጴዛ ሥር እንዳለ ደም ግፊቱን ለኩት።

አይስቁም። ይህን እንደ ነቀፌታ አትቁጠሩብኝ፤ በሙያዬ ስለገባ ነው። እኔ ልቅሶ ቤት ያሳቅኩ፣ የትራፊክ ፖሊስ ያሳቅኩ ሰው ነኝ። ዶክተር አማረች ግን ቀልዴን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምተው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኝ ነበር። ከዚያማ ምን አለ! አልቋል እኮ! አንድ ጉድለት ደግሞ ነበራቸው። በጸሎት ቤታቸው መዘምራን ውስጥ ይዘምራሉ። ጎረቤታቸው እንዳጫወተኝ ከሆነ ድምፃቸው ዘይት ነክቶት የማያውቅ የበር ማጠፊያ ነበር፤ ደግሞም ከሁሉ በላይ ጮክ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? የመዘምራኑ መሪ ራሱ የስኳር በሽተኛቸው ነው።

አንድ አባባል ነበራቸው። «ሰው ሲያወራ ይዋሻል፤ ሲውጥ ግን መዋሸት አይችልም።» ለዚህ ሲሉ የቢሯቸው መሳቢያ ውስጥ ሁልጊዜ የተጠቀለለ ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ምግብ አልወርድ የሚለው ሰው ሲመጣ ብዙ አይጠይቁትም። ዳቦውን ቆርሰው ይሰጡትና ያስበሉታል። ከዚያ በፊት ግን ጸሎት አለ። በሽተኛው የራሱን ይላል፣ እሳቸውም የራሳቸውን። እኔን «ቢስሚላህ በል» ይሉኛል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ዝግ ብለው አንድ ነገር ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጡና አንገቴ ላይ ይተክሉታል። እንደዚያ ትክ ተብሎ እየታየ ዳቦ የዋጠ ሰው ካለ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

እሳቸው ዘንድ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር ነው። አሣ እየበላሁ አንዱ ጉርሻ እደረቴ ላይ ቆመ። አይወርድ፣ አይወጣ። አብረውኝ የነበሩት ሁሉ በአንድ ድምፅ «አጥንት ነው!» አሉ። ሐዋሳ ላይ እኮ ጉሮሮውን ያመመው ሰው ሁሉ አጥንት ነው የዋጠው። ቶንሲልም ቢሆን አጥንት ነው። ጉንፋንም ቢሆን መጀመሪያ አጥንት ይባላል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ደረቅ ዳቦ ድቡልቡል አድርጎ ሳያኝኩ መዋጥ፣ አጥንቱን ገፍቶት እንዲሄድ። እኔም ዋጥኩ። በዳቦ ላይ ዳቦ፣ በዳቦው ላይ ሙዝ፣ በሙዙ ላይ የጀርባ ድብደባ። በመጨረሻ በስንት ጣር ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደረቅ ነገር ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ኬላ መቆም ጀመረ።

እዚህ ላይ ተፈጥሮዬ በላኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ምግብ አልወርድ ይለኛል» ይላል። እኔ ግን ታሪኩን ወደድኩት። አጥንቱ በየዓመቱ አደገ። መጀመሪያ የጥርስ መጎርጎሪያ ያክል ነበር፤ ቆይቶ የብስክሌት ጎማ ራጂ ሽቦ ሆነ። ሐኪም ዘንድ ስገባም «ዶክተር፣ እዚህ ጋ የባጃጅ መሪ የሚያክል አጥንት ቆሞብኛል» እላለሁ። ሐኪሙ ይስቃል። አፌን ከፍቶ በባትሪ ያያል፣ አጥንት ይፈልጋል፣ ያጣል። አጥንት ከሌለ ደግሞ ምን ይሆናል? በእኛ አገር መልሱ አንድ ነው፤ ጨጓራ። ኪኒን ይጽፍልኛል። ሌላው ዘንድ እሄዳለሁ፣ ያንኑ ቀልድ አወራለሁ፣ ይስቃል፣ ጨጓራ ይለኛል። በከተማው ያለውን የጨጓራ ኪኒን እኩሌታውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ተልባውን፣ አብሹን፣ ማሩን ተዉት።

ይባስ ብሎ በሽታው ዝና አመጣልኝ። ሰው ፊት ቀልድ ጀምሬ ምግብ ሲቆምብኝ አንድ ጣቴን ወደ ላይ እቀስራለሁ፤ ዝም እላለሁ። ሰው ሁሉ የቀልዱ መጨረሻ ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል። እኔ ውስጤ ሲታገል፣ ዓይኔ እንባ ሲያቀር፣ እነሱ «ይሄ ሰውዬ እንዴት አድርጎ ያንጠለጥላል!» ይላሉ። ቁራሹ ሲወርድልኝ ቀልዱን እጨርሳለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። የእኔ ዝምታ ከመሃል ከተማ አልፎ በታቦርም የታወቀ ነበር። አንዳንዶች ሊኮርጁት ሞክረው ነበር። አልቻሉም፤ ምስኪኖች ጤነኛ ነበሩ።

አንድ እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ተመርቆ ሰፈርተኛው ሐይቁ ዳር አሣ ቤት ተጋበዘ። አሣ ደግ ምግብ ነው፤ የሙስሊም የክርስቲያን ብሎ ገበታ አይለይም። ሾርባ መጣ፣ ጥብስ አሣ በዳቦ መጣ፣ እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ጣቴን ቀሰርኩ፣ ዝም አልኩ፣ ጨረስኩ፣ ሰው ሳቀ። ፊት ለፊቴ አንዲት ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሴትዮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩኛል። አይስቁም። እኔ ደግሞ የማይስቅ ሰው ሳይ እልህ ይይዘኛል። ያለኝን ምርጥ ቀልድ አመጣሁ። ምንም። ግብዣው ሊያልቅ ሲል ተነስተው ወንበሬ አጠገብ መጡና ጎንበስ አሉ።

«ቀልድህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን ሾርባ ላይ አትቀልድም።»

«ምን አሉኝ?»

«ዳቦ ስትጎርስ ዝም ትላለህ። አሣ ስትጎርስ ዝም ትላለህ። ሾርባውን ስትጠጣ ግን አንዴም ዝም አላልክም። ነገ ና።»

ሄዱ። «ዶክተር አማረች እኮ ናቸው» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው። የከተማው ሰው ሁሉ ዓመታት ሙሉ እያየ ያላየውን እኚህ ሴትዮ በአንድ ምሳ አዩት። ለዘይነባ ነገርኳት። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ነገ ካልሄድክ እኔው ራሴ አዝዬ እወስድሃለሁ!» አለች። ዘይነባ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

ሄድኩ። ዳቦው ከመሳቢያው ወጣ፣ ቢስሚላህ ተባለ፣ ጎረስኩ። ቆመ። እንደለመድኩት ጣቴን ቀሰርኩ። ዶክተር አማረች ጣቴን ይዘው ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ያኔ ሌላው እጄ ሳላዘው ወደ ደረቴ ሄደ።

«እዚያ ነው» አሉ። «ጉሮሮህ ላይ አይደለም።»

«ዶክተር፣ የባጃጅ መሪ የሚያክል...»

«ቀልዱን አስቀምጠው። አንድ እውነት ንገረኝ፤ አንድ ብቻ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። ይኼኛው ዝምታ የምግብ አልነበረም።

«መብላት እፈራለሁ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን ለሐኪሞቹ ብትነግራቸው ኖሮ ድሮ ይገኝ ነበር» አሉኝ። ወቀሳም ማጽናናትም አልነበረበትም።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ሌላ ነገር ነበር። የምግብ ቧንቧው ታችኛው በር ጡንቻው አልከፈት ብሎ ይሆናል አሉኝ። ከዚያ ራጅ አስነሱኝ። ራጁ ላይ፣ ደረቴ መሃል፣ ከልቤ ጀርባ፣ መኖር የማይገባው አንድ ክብ ጥላ ታየ። ያነበበው ሰው ወረቀቱ ላይ ዕጢ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ።

ዕጢ የሚለው ቃል ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ገባ። ዘመድ ተሰበሰበ። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ «ደግ ሰው ነበር» ሲሉ እሰማለሁ። አንዱ አጎቴ «ያ ቀልዱ ሲናፈቅ ይኖራል» ብሎ እንባውን ጠረገ። «አጎቴ፣ እዚህ እኮ ነኝ» ስለው «አይ ልጄ፣ እያለህም የለህ» አለኝ። ያን ቀን ሁሉንም አሳቅኳቸው። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ዘይነባ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔም በሩን አላንኳኳሁም።

ዶክተር አማረች ነጭ፣ ኖራ ኖራ የሚል ፈሳሽ እያጠጡ በራጅ የሚያዩትን ምርመራ አስደረጉኝ፤ ቀጥሎም ሲቲ ስካን። ውጤቱ በመጣ ማግሥት እኔን አላስጠሩኝም። በእግራቸው ሱቄ ድረስ መጡ። ዘይነባም እዚያው ነበረች። ገና ሳይቀመጡ፣

«ተሳስቼ ነበር» አሉ። «በሩ ጤነኛ ነው።»

እኔ በሕይወቴ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ሱቄ ድረስ የመጣ ሐኪም ሰምቼም አይቼም አላውቅም። ዘይነባ ግን አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው የያዘችው።

«ካንሰር ነው?»

«አይመስለኝም። ግን እርግጠኛ ነኝ አልልሽም፤ እርግጠኛ አይደለሁማ።»

ከዚያ ዞር ዞር ብለው ሱቄን ቃኙና የቤንዚን ቱቦ ስጠኝ አሉ። አንድ ክንድ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ቀጥሎ የተነፋ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ አሉ። ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ከመነዳሪውን ከጎኑ አድርገው ተጫኑት። ቱቦው ጠበበ።

«እየው» አሉኝ። «ቱቦው ውስጥ ምንም ነገር የለም። የሚያጠበው ከጎኑ ያለው ነው። ያንተም እንደዚህ ነው። ከምግብ ቧንቧህ ጎን ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ዙሪያው ለስላሳ ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ከየትም አልመጣም። አብሮህ የተወለደ ነው። እናትህ ማህፀን ውስጥ እያለህ የምግብ ቧንቧህና የአየር ቧንቧህ መጀመሪያ አንድ ነበሩ፤ ኋላ ይለያያሉ። ሲለያዩ አንዲት ቁራጭ መንገድ ስታ ከጎን ቀረች። ተዘጋች። ውስጧ ፈሳሽ እያጠራቀመች ቀስ ብላ አብራህ አደገች።»

«ስለዚህ አጥንቱ...»

«አጥንት አልነበረም። አሣውን አትክሰስ።»

«ይሄ በስንት ሰው ላይ አለ?» አልኳቸው።

«በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። በሰው ላይ ሳየው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»

እንግዲህ እኔን ታውቁኛላችሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃቴን በኩራት ሸፈንኩት። ለደንበኛ ሁሉ «የእኔ በሽታ መጽሐፍ ላይ ነው ያለው፤ የእናንተ ጉንፋን ነው» እያልኩ ጎማ ሸጥኩ።

ቀጥሎ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፌ የሚገባበት ምርመራ መጣ። ማሽኑን የያዘው ወጣት ስፔሻሊስት ነበር፤ ጎበዝ ነው ይሉታል፣ እኔም ጎበዝነቱን አልክድም። ዶክተር አማረች ቆመው ያያሉ። እኔ በማደንዘዣው ፈዝዤ ቱቦውን እንደዋጥኩ ተጋድሜያለሁ።

«እብጠቱ ይኸው» አለ ወጣቱ። «ትንሽ ቁራጭ ልውሰድና ይመርመር።»

«አትውሰድ» አሉ። «የውስጥ ሽፋኑን እየው፤ ጤነኛ ነው። የተገፋው ከውጭ ነው። ከረጢቱን ከወጋኸው ኢንፌክሽን ይገባበታል። ኋላ ሊያወጡት ሲሉም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ያስቸግራቸዋል።»

«ካንሰር ቢሆንስ ዶክተር? በኋላ እንጸጸታለን።»

«ልክ ነህ፣ ሊሆን ይችላል። ሲቲው ግን ውሃ ነው የሚለው። ሙሉውን ሲያወጡት ይመረመር። ከተሳሳትኩ እኔ አልኩ በል።»

ልጁ ትንሽ አሰበና ቱቦውን መለሰ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ ጣልቃ መግባት አልቻልኩም ነበር። ስንት የሚያምር ነገር ነበር ልላቸው የምችለው!

ቀዶ ጥገናው ላይ ግን አመፅኩ። ደረት ሊከፈት ነው እኮ! የደረት ቀዶ ሐኪም እዚሁ ከተማችን አለ፤ እጁም የተመሰገነ ነው። እኔ ግን «አብሮኝ ከተወለደ አብሮኝ ይሙት፤ መንታዬ ነው፣ አልገድለውም» አልኩ። ዶክተር አማረች ቢሯቸው አስቀመጡን፤ እኔንና ዘይነባን።

«ከረጢቱ ይሞላል» አሉ። «ሲሞላ ይጫናል። አንድ ቀን ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ሊደማም ይችላል። ያኔ በጥድፊያ ይሆናል። አሁን ግን ጤነኛ ሆነህ ነው።»

ዘይነባ ነጠላዋን አስተካከለችና «ዶክተር፣ ወንድምዎ ቢሆን ያስደርጉታል?» አለቻቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ።

«እፈራ ነበር» አሉ። «ግን አስደርገው ነበር።»

ይቺ «እፈራ ነበር» የምትለዋ ቃል ናት ያሳመነችኝ። ሁሉም ሰው «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ሲለኝ እኔ ይበልጥ እሸሽ ነበር። ሰው ምንም አይደለም ሲላችሁ ብቻችሁን ናችሁ። እፈራለሁ ካላችሁ ግን ቢያንስ ሁለት ሆናችኋል።

ተሠራልኝ። ወጣ። ላቦራቶሪ ሄዶ ተመረመረ። ካንሰር አልነበረም፤ እሳቸው እንዳሉት አብሮኝ የተወለደ የፈሳሽ ከረጢት ነበር። ለከተማው ሰው ሐብሐብ ያክላል ብያለሁ። ሎሚ ነው የሚያክለው፤ ትልቅ ሎሚ ይሁን ግዴለም። ዘይነባ ውጤቱን ስትሰማ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዶክተር አማረችን አንገታቸውን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻቸውም። እሳቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው እንደ ሰልፍ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። በኋላ ቀስ ብለው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት።

ካገገምኩ በኋላ ቢሯቸው ሄድኩ። መሳቢያው ተከፈተ። ደረቅ ዳቦ ወጣ። ቢስሚላህ አልኩ፤ እሳቸውም የራሳቸውን አሉ። ጎረስኩ። ዋጥኩ። ወረደ። ኬላ የለ፣ ፍተሻ የለ፣ እንዲሁ ወረደ። ደግሜ ጎረስኩ። ደስታዬ መጠን አጥቶ ያችን ምርጥ ቀልዴን ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ መሃል ላይ የሚያቆመኝ ነገር የለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ተንደርድሬ ጨረስኩት። ቀልዱ ሞተ። እኔ ራሴ መሞቱን አየሁት።

ዶክተር አማረች ሳቁ። ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ መነጽራቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ሰውየውን አዳንነው፣ ቀልደኛውን ገደልነው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀልዴ እንደ ድሮው አልሆነም። ሰዎች «ከድርን ቀዶ ጥገናው አፈጠነው» ይላሉ። ግዴለም። ምሳዬን እየበላሁ ነው። እሳቸው ካዳኑኝ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ምሳ የእሳቸው ግብዣ ነው ብዬ ነው የምበላው። ይህን ደግሞ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እንግዲያው ቀስ ብለህ አኝክ» ነው ያሉኝ።

በቀብራቸው ቀን የታቦር መንገድ በሰው ሞላ። የሚገርመው ሁሉም በእግሩ ነው የመጣው፤ ማንም ሳይመካከር። ባጃጆቹን ሾፌሮቹ ራሳቸው ከታች አቁመው ወጡ። ድንኳኑ ውስጥ ዝማሬ ነበር። ያ ዘይት ያልነካው ድምፅ ጎድሎ ዝማሬው አምሯል፤ አንድም ሰው ግን ደስ ያለው አልመሰለኝም። አንዲት የእህታቸው ልጅ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ የሾርባው ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ብለው ነገሩሽ?»

«ጥሩ ቀልደኛ ነው አሉኝ። ስለ ቀዶ ጥገናው ቀን ስጠይቃቸው ግን ‹እሱ ራሱ ይንገርሽ› ይሉኝ ነበር።»

እኔም ነገርኳት፤ ለሰው ሁሉ የምነግረውን። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ስገባ የማደንዘዣ ባለሙያውን እንዴት እንዳሳቅኩት፣ ሰውየው ከሳቁ ብዛት ከእኔ በፊት ሊተኛ እንደነበር። በዙሪያችን የነበሩት ልቅሶ ላይ መሆናቸውን ረስተው ሳቁ። ልጅቱም ሳቀች። ቤቴ ስገባ ግን ያ ሳቅ አልዋጥ አለኝ። የተጠየቅኩት ስለ እሳቸው ነበር፤ የመለስኩት ስለ ራሴ።

ያን ጠዋት የሆነው ይኼ ነው። ዶክተር አማረች ቀዶ ጥገና የእሳቸው ሥራ ባይሆንም ወደ ሥራቸው ከመግባታቸው በፊት ክፍሌ መጡ። ዘይነባ ከውጭ ነበረች። የሆስፒታሉን ልብስ ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ኮሪደሩ ላይ የሚወስደኝ ባለ ጎማ አልጋ እየተንቋቋ ሲመጣ ሰማሁ። የምለው ነገር ፈለግኩ፤ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። ዶክተር አማረችን አየኋቸው። እሳቸው ፊቴን አዩ፣ አንሶላውን አዩ። መጋረጃውን ሳቡ፣ ክንዴን ይዘው አስነሱኝ፣ ንጹሕ ልብስ ፈልገው አለበሱኝ፣ አንሶላውን በገዛ እጃቸው ገፍፈው ጠቀለሉት። ነርሷ መጋረጃውን ከፈት አድርጋ ባዶውን ፍራሽ አየችና «ምን ሆነ?» አለች።

ለሚስቴ ፊት ለፊት «እርግጠኛ አይደለሁም» ያሉት፣ «ተሳስቼ ነበር» ለማለት ታቦርን በእግራቸው የወረዱት ሴት፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይሰብሩ፣

«እኔ ነኝ፤ ውሃ ደፋሁበት» አሏት።

ውሃ አልነበረም። የሦስት ልጆች አባት ሆኜ፣ በፍርሃት አልጋው ላይ ሸንቼ ነው።